በቅሎዎቹን ማን ያሰልጥን

ታርቨር፣ አላባማ
ኦክቶበር 18 ቀን 1993

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለአሰልጣኝ ሮይስ ኦደም፤ በኦስትሪያ ተራራ ሥር ለሥጋ ሻጮችና ለጥርስ ሐኪም ተማሪዎች ኳስ ለሚያስተምሩት።

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? በረዶው አልበላዎትም? እኔ ከነተንኮሌ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ «ለአጎቴ ልጅ ሰላም በልልኝ፣ ወፍራም ካልሲ ያድርግ» ብላለች። የእናት የአጎት ልጅ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ስለማላውቅ በደፈናው አጎቴ ብዬዎታለሁ። ኮሌጅ የቆየሁት ሁለት ሴሚስተር ነው፣ ትምህርቱ እስከ ዘር ቆጠራ አልደረሰም።

ወደ ወሬው ልግባ። የታርቨር ኮሌጅ በቅሎዎች፣ የሞላላው ኳስ ቡድናችን፣ ቅዳሜ ዕለት 52 ለ 3 ተሸነፉ። ሦስቷንም ነጥብ የሰጠን ንፋሱ ነው። ስድስት ጨዋታ፣ ስድስት ሽንፈት። እንዲህ ያለ ጉድ ታይቶ አይታወቅም፤ ማለቴ ከእርስዎ ዘመን በቀር። የእርስዎን ስምንት ለመድረስ ገና ሁለት ይቀራቸዋል። አይቆጡ እንጂ አጎቴ፣ ቁጥር ነው፣ ስድብ አይደለም!

እኔ የስታዲየሙ ሣር አጫጅና መስመር ቀቢ ሆኛለሁ። ካባረረኝ ኮሌጅ ጋር የቀረኝ ዝምድና ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት የእኛ ልጆች በሚወጡበት በር ፊት በነጭ ቀለም «ወደ ሽንፈት በዚህ በኩል» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። አለቃዬ አረንጓዴ ቀለም አስይዞ እንደገና አስቀባኝ። ጽሑፉ ግን ዝናብ ሲመታው ብቅ ይላል።

እሁድ ጠዋት ደግሞ በአሰልጣኝ ስኮጊንስ ግቢ የበቀለውን ቢያዩ! አሥራ አንድ ሰሌዳ፣ ሁሉም «የሚሸጥ ቤት» የሚል። ሰውዬው ቤቱን ለመሸጥ አላሰበም፣ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ያው እርስዎ ያውቁታል፣ እኛ አገር አሰልጣኝ ሲሸነፍ ቤቱን የሚሸጥለት ሕዝቡ ነው። ትንሿ ልጁ በፒጃማ ወጥታ ስትነቅል ሚስተር ደናዌይ፣ የዶሮ ማረጃው ባለቤትና የኮሌጁ ገንዘብ ሰጪ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መኪናውን አቆመና «የኔ እመቤት፣ በስንት ትሸጡታላችሁ?» አላት። በሳቅ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ ልመና አለኝ። የእኛ ደጋፊ የሚደውለው ቃጭል የፋብሪካ ነው፣ እንደ ማንኪያ ይንኳኳል። እናንተ ተራራ ላይ በላም አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን፣ የባልዲ ያህል ነው የሚሉትን፣ አንዱን ይላኩልኝ።

አክባሪዎ፣ የሣሩ ንጉሥ
ዊልኪ ቲግ


ክላይንባህ፣ ኦስትሪያ
ኦክቶበር 30 ቀን 1993

ለዊልኪ፣

ጌታ ዕድሜህን ያርዝምልህ፣ ምላስህን ያሳጥርልህ። ለእናትህ ለቨርና ካልሲውን አድርጌያለሁ በላት።

እኔ ደህና ነኝ። እዚህ አገር ኳስ ማለት ክቡ ነው። እኛ ሞላላውን በእጅ ይዘን ስንሮጥና ስንጋጭ መንገደኛ ቆሞ «እነዚህ ሰዎች ምን ተሰርቆባቸው ነው?» ይላል። ልጆቼ ግን ጥሩ ልጆች ናቸው። አምበሉ ሥጋ ሻጭ ነው፣ ፍራንትስ ይባላል። ስንሸነፍ ቋሊማ ያመጣልኛል፣ ስናሸንፍም ያመጣልኛል። በዚህ ዓመት ከአሥር ሰባት አሸንፈናል። ይህን የታርቨር ጋዜጣ አይጽፈውም።

ስለ ሰሌዳዎቹ በጻፍከው አልሳቅሁም። በ1986 እኔ ግቢ የተተከሉት ሃያ ሦስት ነበሩ። ሎሪን በመኝታ ልብሷ ወጥታ አንድ በአንድ ነቅላ ጋራዡ ውስጥ ደረደረቻቸው። ስትጨርስ እጇን ታጠበች፣ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች። ተልሳ ከተማ እህቷ ዘንድ ከሄደች ይኸው ሰባት ዓመት። አልጮኸችም። «ሮይስ፣ እኔ ያገባሁት አንተን እንጂ ይህን ሁሉ ሰው አይደለም» አለችኝና ሄደች።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር፣ በሠፈሩ የማታየው ነገር አልነበረም። የመጀመሪያዋ ሰሌዳ ከሌሎቹ ሦስት ቀን ቀድማ፣ ብቻዋን ነበር የተተከለችው። የቀሩት እርሷን አይተው ነው የመጡት። ማን እንደተከላት ታውቃለህ? ቂም አይደለም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።

ስኮጊንስን ካባረሩት፣ እንዲያባርሩት አልመኝም፣ መራጮቹ እነማን እንደሚሆኑ ጻፍልኝ። እንዲያው ለጨዋታ ነው።

ቃጭሉ ይቅርብህ። ላም የሌለው ሰው ቃጭል ምን ያደርግለታል?

አጎትህ ሮይስ


ታርቨር
ኖቬምበር 16 ቀን 1993

ይድረስ ለአሰልጣኝ ሮይስ ኦደም፣ የቋሊማው ጌታ።

ሰላምታዬ ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራሰ በራዎ ይድረስ።

ስኮጊንስ ተባረረ! የተባረረበትን ቦታ ልንገርዎትና ይፍረዱ። ዘጠነኛውን ተሸንፈን ስንመለስ አውቶቡሱ ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ። ሰውዬው ሽንት ቤት ገብቶ ሲወጣ ደናዌይ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። «እጅህን ታጠብክ?» አለው። «አዎ ጌታዬ።» «እኛም ታጥበናል» አለውና አውቶቡሱን ሂድ ብሎ በእጁ ጠቆመው። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ጥለውት ሄዱ። በጥጥ መኪና ተጭኖ ከተማ ሲገባ ፀጉሩ ላይ ጥጥ ነበረበት። በአንድ ቀን ሸበተ ብለን ሳቅን።

መራጮቹ ሦስት ናቸው፦ ደናዌይ፣ ደናዌይ ሲያስነጥሰው መሐረብ የሚያወጣው የኮሌጁ ፕሬዚዳንት፣ እና ስብሰባውን በጸሎት የሚከፍተው ፓስተር። ሰው ሦስት፣ ድምፅ አንድ።

አሁን ከተማው ሥራ ፈቷል። ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ተደርድሯል፣ የደናዌይን ነጭ አውሮፕላን ሊጠብቅ። ወደ ምዕራብ ከተነሣች አሰልጣኙ ቴክሳስ ነው ያለው፣ ወደ ሰሜን ከተነሣች ቴነሲ። የአጋዘን አዳኞቹ በአቅርቦ ማያ መነጽር የጎማዋን ጭቃ ሳይቀር ይመረምራሉ።

አሁን ይቀመጡ። ተቀመጡ? ትናንት ከሰዓት በኋላ በሬዲዮው የኳስ ወሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደወለ። «ልጆቼ፣ አውሮፕላኗ ወዴት እንደምትሄድ አትድከሙ። ደናዌይ ሮይስ ኦደምን ከአውሮፓ ሊያመጣው ነው። ከሚታመን ሰው ነው የሰማሁት» አለና ሳለ። የሚስለው ቁርጥ እንደ ሟቹ አያቴ ነው! ሦስተኛውን ስስል ጉሮሮዬ ተላጠ። ማለቴ እርሱ ሲስል እኔን አመመኝ።

ከዚያ ስልኩ ተጨናነቀ። አራቱ ተሳደቡ። ስድስቱ ግን «ሮይስ እኮ ክፉ ሰው አልነበረም» አሉ። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም አለቀሰች።

የመጀመሪያዋ ሰሌዳ ያሉት? እኔ በዚያ ሳምንት ኩፍኝ ይዞኝ ተኝቼ ነበር መሰለኝ። እናቴ ሰላም ትላለች፤ ቀበሮ ዶሮዎቿን ፈጀባት።

የምሥራች ነጋሪዎ
ዊልኪ

ቃጭሉን አይርሱ።


ክላይንባህ
ኖቬምበር 27 ቀን 1993

ለውድ ዊልኪ፣

የልጅ አዋቂ፣ የወሬ ምንጭ፣ እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ። ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዱን ለፍራንትስ ጮክ ብዬ ተርጉሜለት። ያቺ ያለቀሰችው ሴትዮ ማን ናት? ድምጿ ምን ይመስላል?

ቃጭሉን ልኬልሃለሁ። ከተራራው ላይ ካለ ገበሬ ነው የገዛሁት። ሲወልቅላት ላሟ አንገቷን እያዞረች ፈለገችው። ሲደወል ሸለቆው ማዶ ይሰማል። በትክክለኛው ቀን ደውለው፣ ቀኑን ታውቀዋለህ።

አብሮ ያለው የታሸገው ፖስታ የደናዌይ ነው። በፖስታ ቤት አይሄድም፤ በእጅህ፣ በእጁ ስጠው። ሰባት ዓመት ያሰብኩትን ሁሉ ጽፌበታለሁ። ምን እንዳጠፋሁ፣ አሁን ምን እንደማውቅ። አንድ ሰው ሲጽፈው ማልቀስ የሌለበት ነገር ነበር፣ ግን ይሁን።

ሙያውን ስለማታውቀው አንድ ነገር ላስተምርህ። አሰልጣኝ ሲፈለግ እውነት የሚናገር የለም፣ ተቀናቃኝ ኮሌጅ ይሰማላ! ጮኾ የካደ ሰው እርሱ ነው የሚመጣው። በ1981 ወደ ታርቨር ልመጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ለጋዜጣ «ታርቨር ከምሄድ ዶሮ ብገነጥል እመርጣለሁ» ብያለሁ። ደናዌይም በዚያው ቀን «ኦደም? ኦደም ደግሞ ማነው?» ብሏል። ኮንትራቱን የፈረምነው ያን ዕለት ምሳ ላይ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኗን ተዋትና ስሜን ስትጠራለት ደናዌይ ምን እንደሚል አዳምጥ።

ከመጣሁ አንተ ሣር አታጭድም። የትጥቅ ክፍሉ ያንተ ይሆናል፣ ስምህ የተጠለፈበት ጃኬት ትለብሳለህ።

ኩፍኙን አላስታውስም። ያን ሳምንት ከእናትህ ቤት በልቻለሁ፣ አንተ ዛፍ ላይ ነበርክ። እስቲ አስብበት።

አጎትህ ሮይስ


ታርቨር
ዲሴምበር 6 ቀን 1993

ይድረስ ለክቡር ምናልባት ዋና አሰልጣኝ።

ጤና ለእርስዎ፣ ሽንፈት ለጠላትዎ።

ፖስታውን ሰጥቻለሁ፣ በእጄ፣ በእጁ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ። ደናዌይ ፊቱ ላይ አረፋ ተቀብቶ ተጋድሟል። «ከማን ነው?» «ከሮይስ ኦደም ጌታዬ።» «ሮይስ? ሮይስ በሕይወት አለ?» አለና ተቀምጦ ከፈተው። እንዴት እንደወደደው ልንገርዎ! ለብቻው ማንበብ አላስቻለውም፣ ለፀጉር ቤቱ ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበው። አራት ቦታ ላይ ቆም ብሎ ዐይኑን ጠረገ። ሎሪን ሰሌዳዎቹን ስትነቅል የሚለው ጋ ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሰው እንዳይቆርጥ። አምስት ወንዶች በአንድ ላይ ጉልበታቸውን ሲመቱ አይቼ አላውቅም።

እንባው ምን ዓይነት እንባ እንደሆነ እኔ ሐኪም አይደለሁም።

ስምዎን ስጠራ ምን አለ ላሉት፦ «ኦደምን? ያንን? በሞቴ!» ነው ያለው። እንግዲህ እርስዎ ባስተማሩኝ ሙያ ይተርጉሙት። «መልስ በጽሑፍ እሰጠዋለሁ» ብሏል። ስወጣ ፀጉር አስተካካዩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲል ሰማሁት፤ ቃጭሉን እንደላኩልኝ ማን ነግሮት ይሆን?

አውሮፕላኗ ትናንት በረረች። ወደ ምዕራብ ነው የተነሣችው፣ ግን ምድር ክብ ናት ብለውናል፣ በምዕራብም ኦስትሪያ ይደረሳል። አዲሱ አሰልጣኝ ጃንዋሪ 2፣ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ማረፊያው ላይ ለሕዝብ ይታያል ብለው አስነግረዋል። ስሙን ግን ደብቀውታል።

እናቴ ሰላም ትላለች። የዶሮ ቤቱን አፍ በአሮጌ ምንጣፍ ጋርዳው ነበር፣ ቀበሮው ምንጣፍ መግለጥ ተማረ። በጃኬቱ ላይ ስሜ በወርቃማ ክር ይሁን።

የትጥቅ ክፍሉ አለቃ
ዊልኪ


ክላይንባህ
ዲሴምበር 16 ቀን 1993

ለልጄ ለዊልኪ፣

እልል በል! የደናዌይ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለት መስመር ናት፣ እንዳለች ልገልብጥልህ፦

«ሮይስ፣ አንተን አናስብህም። አስበንህም አናውቅም። ሃስከል ደናዌይ»

አየህ? ገባህ? የማይፈልገኝ ቢሆን ኖሮ ምን አደከመው? ዝም ይለኝ ነበር። የዶሮ ነጋዴ ቴምብር ገዝቶ፣ ፈርሞ፣ ውቅያኖስ አሻግሮ «አናስብህም» የሚለው የሚያስበውን ሰው ነው። በ1981 «ማነው?» ብቻ ነበር ያለኝ። አሁን ሁለት ጊዜ ካደኝ!

በዚያን ዓመት ያደረገውን አንተ ትንሽ ስለነበርክ አታስታውሰውም። ሕዝቡ ማረፊያው ላይ ተሰብስቦ አውሮፕላኗ አረፈች፣ በሩ ተከፈተ፣ ውስጧ ባዶ! ሰው ሁሉ ኡኡ ሲል ደናዌይ እጁን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ከመሐላቸው ወጣሁ። ሴቶች አለቀሱ። ሎሪን ቀይ ካፖርት ለብሳ ነበር። ደናዌይ የሠራለትን ነገር የሚደግም ሰው ነው። ስለዚህ ማንም ይምጣ ሳይለኝ መጥቼ አጥሩ ሥር እቆማለሁ።

ከክለቡ ሥራ ለቅቄያለሁ። ፍራንትስ አልቅሶ አንድ ሙሉ የአሳማ እግር ሰጠኝ፣ ለጎረቤት ተውኩለት። ቤቱን አስረክቤያለሁ። ዲሴምበር 30 እነሣለሁ፤ እስከዚያ ከሥጋ ቤቱ በላይ ባለች ክፍል ነኝ።

ሎሪን ጋ ደወልኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስደውል እህቷ ነበረች የምታነሣው። ዛሬ ራሷ አነሣች። «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። «በጽሑፍ ክደውኛል» አልኳት። የአሰልጣኝ ሚስት ነበረች፣ ገባት። «ቀይ ካፖርቱ አሁን አይሆነኝም» አለች። ትመጣለች፣ ዊልኪ። ከተልሳ መኪናዋን እየነዳች ትመጣለች።

ቃጭሉን ጥረገው።

ሮይስ


በፋክስ፣ ከስታዲየሙ ቢሮ
ወደ ፍራንትስ ሥጋ ቤት፣ ክላይንባህ
ዲሴምበር 24 ቀን 1993

አጎቴ፣

የበዓል ሰላምታውን በኋላ እልካለሁ። አይምጡ።

ሬዲዮ ላይ የሳለው እኔ ነኝ። ሽማግሌ የለም። አያቴም ነፍሱን ይማርና እንደዚያ አይስልም ነበር፣ አጋንኜዋለሁ። ለሳቅ ነው የደወልኩት፤ ከተማው ሁሉ ሲያብድ ደስ አለኝ፣ እርስዎ ሲያብዱ የበለጠ ደስ አለኝ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለቀሰ ሰው የለም፣ የሳቅ እንባ ነው። ጉልበታቸውን የመቱትም በሳቅ ነው። ደብዳቤዎን ደናዌይ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማረጃው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎታል።

አሰልጣኙ ተመርጧል። ዳክስ ሆሊማን ይባላል፣ ከቴክሳስ ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ። የምቀባው መስመር ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሣ በዐይኔ አይቻለሁ። አውሮፕላኗ የምታመጣው እርሱን ነው። ባዶ አትሆንም።

እናቴ የእርስዎን ደብዳቤዎች አግኝታ አንብባ በመጥበሻ ነው የመታችኝ። ይህን የምጽፈው በአንድ ዐይኔ ነው። ቀልዴን አይደለም። አክስቴ ሎሪን ጋ ደውለው አትምጪ ይበሏት። በእናቴ እምላለሁ፣ እውነት ነው፣ እውነት ነው፣ እውነት ነው።

ዊልኪ


በፋክስ፣ ከፍራንትስ ሥጋ ቤት
ዲሴምበር 26 ቀን 1993

ዊልኪ ልጄ፣

ሦስት ጊዜ «እውነት ነው»! አንድ ጊዜ ቢበቃህ ኖሮ ምናልባት አምንህ ነበር።

ደናዌይ አጠገብህ ቆሞ እንዳጻፈህ ገብቶኛል። መጥበሻዋ ላይ ትንሽ አበዛኸው፣ ቨርና መጥበሻዋን ትወዳለች። ምሥጢር ትጠብቃለህ ብዬ አላስብም ነበር፣ አኮራኸኝ። ለሃስከል «ሮይስ ገብቶታል» በለው።

እሁድ እንገናኝ። ከረባት ገዝቻለሁ።


ታርቨር
ጃንዋሪ 9 ቀን 1994

ይድረስ ለአጎቴ ለሮይስ ኦደም፤ ሌላ አድራሻ ስለማላውቅ በሥጋ ቤቱ በኩል።

እንደምን ነዎት ብዬ አልጠይቅም። የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም።

እርስዎ ከወዲያ በኩል ያዩትን እኔ ከፒካፑ ላይ ያየሁትን ልጻፍልዎት፤ ከማን ጋር እንደማወራው ጠፍቶኛል። ቃጭሉን ይዤ እንድወጣ ልጆቹ ገፋፉኝ። ተራራ የሚያናጋ ነገር አለኝ እያልኩ ወር ሙሉ ጉራዬን ስነዛ ከርሜ «የለም» ብል ማን ይሰማኛል? እዚያ ሆኜ በዐይኔ ፈለግሁዎት፤ ካገኘሁዎት ወርጄ ጎትቼ ልወስድዎት ነበር። ይህን ይመኑኝ፣ ባያምኑኝም አልፈርድብዎትም።

አየሁዎት፣ ግን አውሮፕላኗ አርፋለች። አጥሩ ሥር፣ ሻንጣዎን በእግርዎ መሐል አድርገው፣ ሰማያዊ ከረባት፣ ባርኔጣዎ ደረትዎ ላይ። ቀድመው አውልቀውታል። አክስቴ ሎሪን ከኋላ መኪናዋ ውስጥ ነበረች፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ። በሩ ተከፈተና ለትንሽ ጊዜ ማንም አልታየም። ባዶ መሰለ። ያን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመዱ፣ አጎቴ። አንድ እርምጃ። አየሁ።

ከዚያ ሆሊማን ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ብቅ አለ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ፒካፑ ላይ ያሉት «ደውል! ደውል!» ብለው ጀርባዬን ይደቁሱ ጀመር፣ እጄም ደወለ። እጄ ነው ያልኩት ሰበብ ፍለጋ ነው። እኔ ነኝ የደወልኩት። ድምፁ እውነትም ሸለቆ ይሞላል። ሰው ሁሉ ወደ አውሮፕላኗ ሲያይ እርስዎ ብቻ ወደ እኔ ዞሩ።

ፀጉር አስተካካዩ ነው ቀድሞ ያወቀዎት። «አሰልጣኝ! አሰልጣኝ ኦደም! ምን እግር ጣለዎት?» ብሎ ጮኸ። ሰው ዞረ። ደናዌይም ከደረጃው ላይ አየዎትና አፉን ከፈተ። እርስዎ ባርኔጣዎን ደፍተው «እንኳን ደህና መጣህ ልለው ነው የመጣሁት» አሉ። ሄደው የዚያን ልጅ እጅ ጨበጡ። «ቤት ገዛህ?» አሉት። «አዎ ጌታዬ፣ ትናንት።» «ግቢው ሰፊ ነው?» «በጣም።» «ጥሩ አይደለም» አሉት። እርሱ ሳቀ፤ አልገባውም። ሌላ ማንም አልሳቀም።

ዞር ብዬ ሳይ የአክስቴ ሎሪን መስኮት ተዘግቷል።

እናቴ አታናግረኝም። እኔ መቀለድ ስሞክር አፌ ደርቆ ይቀራል። ጃኬቱን አልፈልግም። ቃጭሉን ልላክልዎት?

ዊልኪ


ክላይንባህ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1994

ለዊልኪ፣

ጤና ይስጥህ። መልስ የዘገየብህ ቤት ስፈልግ ነው።

ሎሪን እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ወሰደችኝ። አርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ስወርድ «ከረባቱ ያምርብሃል» አለችኝ። መኪናዋን አዙራ ሄደች። አሁን ስደውል እንደገና እህቷ ናት የምታነሣው።

እዚህ ክለቡ አዲስ አሰልጣኝ እየመረጠ ነው። ኮሚቴ አቋቁመዋል፦ ፍራንትስና ሁለት የጥርስ ሐኪም ተማሪዎች። አራት አመልካች አለ፣ አንዱ እኔ ነኝ። ፍራንትስን ጠየቅሁት፣ «እናስብበታለን» አለኝ። እነዚህ ሰዎች የሚሉትን ማለታቸው ነው፤ ስለዚህ ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ሬዲዮው ላይ ስለሳልከው ነግረኸኛል። አላመንኩህም፣ ያ የእኔ ጥፋት ነው። ስለ መጀመሪያዋ ሰሌዳ ግን አልነገርከኝም። ሁለት ጊዜ ዕድሉን ሰጥቼህ ነበር። አንዴ ኩፍኝ አልክ፣ ሌላው ጊዜ ዝም አልክ። ብትነግረኝ ኖሮ በፋክስ የላክኸውንም አምንህ ነበር፤ እውነት ስትናገር ድምፅህ ምን እንደሚመስል ሰምቼ አላውቅማ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ዕቃ ልኬልሃለሁ፣ ከባድ ስለሆነ ፖስታ ቤት ሄደህ ተቀበል። ያቺ የመጀመሪያዋ ሰሌዳ ናት። ሎሪን ከሄደች በኋላ ጋራዥ ገብቼ ሃያ ሁለቱን አቃጠልኩ፣ እርሷን ግን ገልብጬ አየኋትና አስቀረኋት። ከአገር አገር ይዣት ዞሬያለሁ። በፊቷ «የሚሸጥ ቤት» ይላል። በጀርባዋ አረንጓዴ ቀለም አለ፣ እኔ ራሴ በዚያ በጋ ለእናትህ የቀባሁት። የዶሮ ቤቷ በር ናት።

ሰባት ዓመት ሙሉ ቨርና «ቀበሮ ዶሮዬን ፈጀብኝ፣ የዶሮ ቤቴን በር ማን እንደሰረቀኝ አላውቅም» ብላ ትጽፍልኛለች። እኔም ሰባት ዓመት «አይዞሽ» ብዬ እመልሳለሁ። ልጇ እንደሆነ ጽፌላት አላውቅም። አሁንም አልጻፍኩም፣ አንተ በሩን ስትገጥም ታይሃለች።

ማጠፊያዎቹ አልወለቁም፣ ዘይት ቀብቻቸዋለሁ። ምስማር ብቻ ነው የሚያስፈልግህ።

ቃጭሉ አንተው ጋ ይሁን። ሆሊማን መሸነፍ ሲጀምር ትፈልገዋለህ።

ሮይስ ኦደም